የትናንቱ ተበዳይ የነገ በዳይ እንዳይሆን፦ የፊሊፒንስ ልብወለዶች ስለ ዙልም ምን ያስተምሩናል?



ፊሊፒንስ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ቦክሰኛው ማኒ ፓኪያው ነው። ዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ደግሞ ፊሊፒናውያንን በቅርብ ያውቋቸዋል። በአንድ ሕንፃ፣ አንዳንዴም በአንድ ማድቤት አብረዋቸው ሠርተዋል፤ በዚያው በከፋላ ሥርዓት ሥር አብረዋቸው ደክመዋል። ከዚህ አልፈን ስለዚያች አገር የምናውቀው ጥቂት ነው። ፊሊፒንስ ግን ሁለት ልብወለዶች የሕዝብን ዓይን የከፈቱባት፣ ደራሲያቸውም በአደባባይ በጥይት የተደበደበባት አገር ናት።

ደራሲው ሆሴ ሪዛል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1861 ካላምባ በተባለች ከተማ ተወለደ፤ በሙያው የዓይን ሐኪም ነበር። የመጀመሪያውን ልብወለዱን «ኖሊ ሜ ታንጌሬ»ን በ1887 በርሊን ላይ፣ ሁለተኛውን «ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ»ን በ1891 ቤልጂየም ውስጥ አሳተመ። የስፔን ቅኝ ገዥዎች በአመፅ ከሰሱትና ታኅሣሥ 30 ቀን 1896 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ማኒላ ላይ ረሸኑት። ዕድሜው 35 ነበር።

ታዲያ እኛ ሙስሊም ወጣቶች ከእነዚህ መጻሕፍት ምን እናገኛለን? «ስለ ካቶሊክ ቄሶችና ስለ ስፔን ቅኝ ግዛት ማንበብ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖራል። መልሳችን አጭር ነው። መጻሕፍቱ ዙልም ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያሉ። ብዙዎቻችን ዛሊም ሲባል የምናስበው ከሩቅ የመጣ፣ መልኩም ቋንቋውም የተለየ ሰው ነው። ሪዛል ግን ዙልም ዕድሜ የሚያገኘው ተበዳዮቹን ራሳቸውን ቀጥሮ ስለሚያሠራ መሆኑን ያሳየናል። ይህ ደግሞ ለስፔንና ለፊሊፒንስ ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም።

«ሞሮ» የሚለው ስም ከየት መጣ?

መጻሕፍቱን ለመረዳት ትንሽ ታሪክ ያስፈልገናል። ስፔኖች በ1571 ማኒላን ሲይዙ ከከተማይቱ ገዥዎች አንዱ ራጃ ሱለይማን የሚባል ሙስሊም ነበር። በደቡብ ደግሞ የሱሉና የማጊንዳናው ሱልጣኔቶች ነበሩ። ግራናዳ ከወደቀች ገና 79 ዓመቷ ነው። ስፔኖች የአንደሉስን ሙስሊሞች «ሞሮ» ይሏቸው ስለነበር፣ በዓለም ሌላኛው ጫፍ ሙስሊም ሲያገኙ ያንኑ ስም ለጠፉበት። ስሙ እስከ ዛሬ አብሯቸው አለ፤ የደቡብ ፊሊፒንስ ሙስሊሞች አሁን ራሳቸውን በኩራት «ባንግሳሞሮ» ይላሉ፤ የሞሮ ሕዝብ ማለት ነው።

ሰሜኑና መካከለኛው የደሴቶቹ ክፍል በስፔን እጅ ወድቆ ካቶሊክ ሆነ። ደቡቡ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ እየተዋጋ ዘለቀ። በተያዘው ክፍል የስፔን ገዥ ማኒላ ተቀምጦ ሲያዝ፣ በየከተማው የዕለት ተዕለት ጌታ የነበረው ስፔናዊው መነኩሴ ነው። ትምህርት ቤቱ በእሱ ቁጥጥር ሥር ነው፤ የጥምቀትና የሞት መዝገብ በእሱ እጅ ነው፤ ማን ታማኝ ማን አመፀኛ እንደሆነ የሚመሰክረውም እሱ ነው። የመነኮሳቱ ማኅበራት ሰፋፊ የእርሻ መሬትም ነበራቸው። የሪዛል ቤተሰቦች ራሳቸው የዶሚኒካን መነኮሳት መሬት ጭሰኞች ነበሩ፤ በኪራይ ክርክር ምክንያት በ1890ዎቹ መግቢያ ከካላምባ ተፈናቅለዋል። እናቱም እሱ ገና ልጅ ሳለ በሐሰት ተከሰው፣ እስከ አውራጃው ዋና ከተማ በእግር ተነድተው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ታስረዋል። ሪዛል የጻፈው የሚያውቀውን ነው።

ልጅ ያዳነ አባት፣ ልጆቿን ያጣች እናት

«ኖሊ ሜ ታንጌሬ» የላቲን ቃል ነው፤ «አትንኩኝ» እንደማለት ነው። ሪዛል የአገሩን ማኅበራዊ በሽታ፣ ሲነኩት ከማመሙ የተነሳ ማንም ደፍሮ ከማይነካው ዕጢ ጋር አመሳስሎታል።

ታሪኩ የሚጀምረው ክሪሶስቶሞ ኢባራ የተባለ ወጣት ከሰባት ዓመት የአውሮፓ ትምህርት በኋላ ሲመለስ ነው። አባቱ ሞተዋል፤ እንዴት እንደሞቱ ግን የነገረው የለም። ቀስ በቀስ እውነቱን ይሰማል። አባቱ ዶን ራፋኤል መንገድ ላይ አንድ ግብር ሰብሳቢ ሕፃን ልጅ ሲደበድብ አይተው ያስጥላሉ። ሰውየው በግፊያው ወድቆ ጭንቅላቱ ድንጋይ ይመታና ይሞታል። ዶን ራፋኤል ይታሰራሉ። ያን ጊዜ ሲያቀርባቸው የነበረው ሁሉ ይከዳቸዋል፤ አንዱ መናፍቅ ይላቸዋል፣ ሌላው አመፀኛ። ነፃነታቸው ሊረጋገጥ ሲቃረብ እስር ቤት ውስጥ ይሞታሉ። ሞተውም አላረፉም። የከተማው ቄስ አባ ዳማሶ አስከሬናቸው ከመቃብር ወጥቶ ወደ ቻይናውያን መቃብር እንዲወሰድ ያዛል። ሌሊት ነው፣ ዝናብ ይዘንባል፣ አስከሬኑ ከብዷል። ቀባሪዎቹ ሰልችቷቸው ሐይቅ ውስጥ ይጥሉታል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ትእዛዙን የሰጠው ስፔናዊው ቄስ ነው። አስከሬኑን የቆፈረውና ሐይቅ ውስጥ የጣለው ግን የአገሬው ደሀ ነው። «ታዝዤ ነው» ይላል። ዙልም በዚህች አንዲት ቃል ላይ ቤቱን ይሠራል።

ሁለተኛዋ ተበዳይ ሲሳ ናት። ባሏ ቁማርተኛ ነው፤ ያላት ሁለት ትንንሽ ልጆች ብቻ ናቸው። ባሲሊዮና ክሪስፒን በቤተ ክርስቲያን ደወል ይደውላሉ። አንድ ቀን ሁለት የወርቅ ሳንቲም ጠፋ ተብሎ ትንሹ ክሪስፒን በሌብነት ይከሰሳል። የወር ደመወዛቸውን ለሚያውቅ ሰው ክሱ ያስቃል፤ ልጆቹ ብዙ ወራት ሠርተው እንኳ ያንን ገንዘብ አይከፍሉትም። ክሪስፒን ተደብድቦ ይቀራል፤ ቤቱም አይመለስም። ወታደሮች መጥተው እናትየዋን «የሌቦች እናት» ብለው በሁለት ጠመንጃ መካከል በከተማው አደባባይ ይነዷታል። ሲሳ ስርቆት የማታውቅ፣ ከድህነቷ በቀር ነውር የሌለባት ሴት ናት፤ ኀፍረቱን መሸከም አቅቷት አእምሮዋን ትስታለች። ልጇን እየተጣራች በየጫካው ትዞራለች።

ሲሳን በልባችን እንያዛት። በመጨረሻ ወደሷ እንመለሳለን።

ዙልም ሠራተኞቹን ከየት ያመጣል?

የሪዛል ትልቁ ድፍረት ስፔኖችን መውቀሱ ብቻ አይደለም። ጣቱን ወደ ወገኖቹም ቀስሯል።

ዶኛ ኮንሶላሲዮን የምትባል ገጸ ባሕርይ አለች። የድሮ ልብስ አጣቢ ናት፤ የስፔን ወታደሮች አለቃ አግብታ «እመቤት» ሆናለች። የእናቷን ቋንቋ ታጋሎግን የማታውቅ ለመምሰል ትጥራለች፤ ስፔንኛውንም በቅጡ አትችለውም። ሲሳን አእምሮዋን ስታ ሲያመጡላት ምን አደረገች? አለንጋ አንስታ «ጨፍሪ» እያለች ገረፈቻት። ትናንት የሰው ልብስ ስታጥብ የነበረች ሴት፣ ከራሷ ብሳ ደሀ የሆነችውን ሴት ገረፈች።

ዶኛ ቪክቶሪና አለች፤ ፊቷን በዱቄት አንጥታ፣ ስፔናዊ ባል ፈልጋ አግብታ፣ የአገሯን ሰው እንደ ቆሻሻ የምታይ። ካፒታን ቲያጎ አለ፤ ሀብታም ነጋዴ፣ ለሁሉም ባለሥልጣን ግብዣ የሚደግስ፣ ከቄሱም ከገዥውም ጋር የሚስቅ። ሰው ሲታሰር «እኔ የለሁበትም» ይላል፤ ዋናው ጭንቀቱ ግብዣው እንዳይበላሽበት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰው በየትኛውም ዘመን በየትኛውም ከተማ አናጣውም። ዛሊም አይደለም ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ ግን የዛሊሞቹ ማዕድ የሚዘረጋው በእሱ ሳሎን ነው።

ፈላስፋው ታሲዮ ደግሞ አለ። እውነቱን ስለሚናገር ከተማው «እብዱ» ይለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ታሲዮን ሲያገኝ ጉዱ ካሳ ትዝ ይለዋል።

የትምህርት ቤቱ ነገርም አለ። መምህሩ ልጆቹን የሚያስተምረው ቄሱ ሠረገላውን በሚያሳድርበት ሥፍራ አጠገብ ነው። ልጆቹ የማይገባቸውን መጽሐፍ በቃላቸው ይሸመድዳሉ። መምህሩ ዱላውን ትቶ በፍቅር ለማስተማር ቢሞክር ወላጆቹ ራሳቸው «ያለ ዱላ ትምህርት የለም» ብለው ተቃወሙት። እዩት እንግዲህ! ግርፋቱ ከላይ የታዘዘ ብቻ አልነበረም፤ የተገረፈው ራሱ ለልጁ የሚመኘው ሆኗል።

ኤሊያስ፣ ታሌስና አያት

ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ልባችንን የነካው ኤሊያስ ነው። የሚሸሽ ድሀ ሰው ነው፤ የኢባራን ሕይወት ከአንዴም ሁለቴ ያድናል። ከቤተሰቡ ታሪክ የሚያውቀው ይህን ነው፦ አያቱ ባልሠሩት ወንጀል፣ ሕንፃ አቃጠሉ ተብለው በአደባባይ ተገርፈዋል፤ ዘራቸው ሁሉ በዚያ ጠፍቷል። ከዚያ አንድ ቀን የኢባራን ወረቀቶች ሲያገላብጥ ያያል፤ ያንን ግፍ የፈጸመው የኢባራ ቅድመ አያት ነው። ያዳነው ሰው የበዳዩ ዘር ነው። ኤሊያስ ተቃጠለ፣ ጥሎት ሄደ። ከዚያ ግን ተመለሰ። ኢባራን በጀልባ አስመለጠው፤ ወታደሮቹ ሲደርሱባቸውም ዘሎ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተኩሱን ወደ ራሱ አዞረ። የልጅ ልጅን በቅድመ አያት ወንጀል አለመቅጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ምን ያህልም ትልቅ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማሳየት ያስቸግራል። ማንም የሌላውን ኃጢአት እንደማይሸከም ከቁርኣን የተማርን ሰዎች ነን፤ በቂም ጊዜ ግን ስንቶቻችን እናስታውሰዋለን?

ሁለተኛው መጽሐፍ የበለጠ የጨለመ ነው። ካቤሳንግ ታሌስ የተባለ ገበሬ ከቤተሰቡ ጋር ጫካ መንጥሮ እርሻ ያወጣል። ሥራው እንዲሁ አልተገኘም፤ ሚስቱና ትልቋ ልጁ በበሽታ አልቀውበታል። መሬቱ ማፍራት ሲጀምር የመነኮሳት ማኅበር መጥቶ «የእኛ ነው» አለ። ለሰላም ብሎ ትንሽ ኪራይ ከፈለ። ኪራዩ በዓመቱ ጨመረ፤ በሚቀጥለውም ጨመረ። መክፈል ሲያቅተው ሰነዳችሁን አሳዩኝ አለ። ሰነድ አልነበራቸውም፤ ፍርድ ቤቱ ግን ለእነሱ ፈረደ። ወንበዴዎች ሲይዙት ልጁ ሁሊ ማስለቀቂያውን ለማግኘት ሰው ቤት ተቀጠረች። ሲመለስ መሬቱ ለሌላ ተሰጥቶ አገኘው። ታሌስ ሸፈተ።

የታሌስ ልጅ ታኖስ? ለውትድርና ተወስዷል። በመጽሐፉ ውስጥ ከሚገኙት አስደንጋጭ ቦታዎች አንዱ እዚህ ነው። የአገሬው ወታደሮች የአገሬውን እስረኞች በጠራራ ፀሐይ አስረው እየደበደቡ ይነዳሉ። ከተራራው ላይ ሽፍቶች ይተኩሳሉ። አንድ ሰው ከቋጥኝ ላይ ብቅ ብሎ እጁን ያወዛውዛል፤ ታኖ እንዲተኩስ ይታዘዛል፤ አነጣጥሮ ይጥለዋል። ቀርቦ ሲያይ የገደለው የገዛ አያቱን ነው። ስፔናዊ ጣት ቃታ አልነካም። ሥርዓቱ ልጅን አስታጥቆ አያቱን አስገደለ።

ኢባራም በዚህ መጽሐፍ ስሙን ቀይሮ፣ ሲሙን የተባለ ባለጌጣጌጥ ሀብታም ሆኖ ይመለሳል። ዕቅዱ በቀል ነው። ባለሥልጣናቱን ይበልጥ እንዲበድሉ ይገፋፋል፤ ሕዝቡ መሮት ይነሳ ዘንድ። የሠርግ ድግስ ላይ ፈንጂ ያዘለ መብራት ያስቀምጣል። ሴራው ይከሽፋል። ቆስሎና መርዝ ጠጥቶ በአንድ አዛውንት ቄስ ቤት፣ በአባ ፍሎሬንቲኖ እጅ ይሞታል። «ለምን አላህ አልረዳኝም?» በሚመስል ጥያቄ ሲያፋጥጣቸው፣ አዛውንቱ የሚመልሱለት መልስ የመጽሐፉ ልብ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ክፋትን በማብዛት ነፃነት አይመጣም፤ የዛሬዎቹ ባሪያዎች ነገ ጨቋኝ የሚሆኑ ከሆነ ነፃነቱ ለማን ይረባል? ከዚያ የሲሙንን የጌጣጌጥ ሣጥን ወስደው ባሕር ውስጥ ይወረውሩታል።

አንድ ማሳሰቢያ

ይህን አንብቦ «አያችሁ ቄሶቹን!» ብሎ ለጎረቤቱ ክርስቲያን የሚልክ ወንድም እንዳይኖር እንሰጋለን። እንደዚያ ያነበበ መጽሐፉን አላነበበውም። እነዚያ ታላላቅ ቃላት የተነገሩት በቄስ አንደበት ነው። ሪዛል ሁለተኛውን መጽሐፍ መታሰቢያ ያደረገውም በ1872 ቅኝ ገዥዎቹ በሐሰት ክስ በአደባባይ ላነቋቸው ሦስት የአገሩ ቄሶች ነው፤ ጎሜስ፣ ቡርጎስና ሳሞራ። ጥፋታቸው የአገሬው ቄሶች ከስፔናውያኑ እኩል ይታዩ ማለታቸው ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከሃይማኖት ጋር ሳይሆን ሃይማኖትን ልብስ አድርጎ ከለበሰ ሥልጣን ጋር ነው። ይህን ልብስ የትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ሊለብሰው ይችላል፤ እኛንም ጨምሮ። ዲናችን ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ፍትሕ ከማድረግ እንዳያግደን አዞናል። ይህ ትእዛዝ ስናነብም ይሠራል።

ሙስሊሙስ የት አለ?

በሪዛል ሁለት መጻሕፍት ውስጥ ሙስሊሙ የለም ማለት ይቻላል። ከእሱ በፊት ግን ፍራንሲስኮ ባላግታስ በ1838 ባወጣው «ፍሎራንቴና ላውራ» በተባለው ረጅም የግጥም ታሪክ ውስጥ አንድ ሙስሊም አለ፤ የፋርስ ልዑል አላዲን። በዚያ ዘመን በየከተማው በዓል «ሞሮ-ሞሮ» የሚባል ቲያትር ይታይ ነበር። ሴራው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ይዋጋሉ፣ ሙስሊሙ ይሸነፋል ወይም ይጠመቃል። የዘመናት ትውልድ «ሞሮ» ማለት መሸነፍ ያለበት ጠላት ማለት እንደሆነ በሳቅና በጭብጨባ ተማረ።

ባላግታስ ግን ሌላ ነገር ጻፈ። ክርስቲያኑ ፍሎራንቴ በገዛ ወገኑ ተከድቶ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ታስሯል፤ ሁለት አንበሶች ሊበሉት ቀርበዋል። የደረሰለት ጠላቱ ተብሎ የተነገረው አላዲን ነው። አንበሶቹን ገድሎ ፈታው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስታምመው አደረ። አላዲንም የገዛ አባቱ እጮኛውን የነጠቀው ተበዳይ ነው። መዝሉም መዝሉምን አወቀው። እውነቱን ለመናገር ባላግታስም ከዘመኑ አላመለጠም፤ በታሪኩ መጨረሻ አላዲንን ያስጠምቀዋል። ቢሆንም በዚያ ዘመን ሙስሊሙን እንደ ሰው መሣል ቀላል ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ አባ ፍሎሬንቲኖ ጥያቄ እንመለስ። የትናንቶቹ ተበዳዮች ሥልጣን ሲይዙ ምን ሆነ?

በ1898 ስፔን ደሴቶቹን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስተላለፈች፤ በሙሉ ገዝታው የማታውቀውን የሙስሊሞቹን ምድርም አብራ። በ1903 የወጣ ሕግ የሞሮ ሱልጣኖችና አለቆች ያለ መንግሥት ፈቃድ የሰጡትን የመሬት ስጦታ ሁሉ ዋጋ አልባ አደረገው። በ1906 ቡድ ዳሆ በተባለ ተራራ ላይ የተሸሸጉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች፣ ሴትና ሕፃናት ሳይቀሩ በአሜሪካ ጦር ተጨፈጨፉ። በ1919 ሕግ አንድ ክርስቲያን ሰፋሪ እስከ 24 ሄክታር ሲፈቀድለት፣ ሙስሊሙና ሌላው «ክርስቲያን ያልሆነ» የተፈቀደለት 10 ነበር። በ1936 ይህ 16 እና 4 ሆነ። ያን ጊዜ በማኒላ ሕግ የሚያወጡት የሪዛል የልጅ ልጆች የሆኑ ፊሊፒናውያን ናቸው። ከ1946ቱ ነፃነት በኋላም ሠፈራው ቀጠለ፤ ሙስሊሞቹ በገዛ ደሴታቸው በሚንዳናው በቁጥር አነሱ። «ሰነድህን አሳይ» ለታሌስ የተነገረችው ቃል ለሞሮው ገበሬ ተነገረችው።

ከሰፋሪዎቹ አብዛኞቹም በሰሜን መሬት ያጡ ደሀ ጭሰኞች ነበሩ፤ በሌላ አነጋገር የታሌስ ልጆች። መንግሥት የሰሜኑን ባለርስት መሬት ከማከፋፈል ይልቅ ደሀውን ጭኖ ወደ ደቡብ ላከው። ደሀና ደሀ ተፋጁ፤ ባለርስቱ በሰላም ተኛ። በ1956 የወጣ ሕግ የሪዛል ልብወለዶች በትምህርት ቤቶች እንዲነበቡ አስገደደ። ተማሪው የታሌስን ታሪክ እያነበበ ሲያለቅስ፣ በዚያው ዘመን በደቡብ የሌላ ታሌስ መሬት ይመዘገብ ነበር። በ1968 የሙስሊም ወጣት ወታደሮች ኮሬጊዶር ደሴት ላይ በገዛ ጦራቸው ሲገደሉ የሞሮ ትግል ተቀጣጠለ። ከብዙ ደም በኋላ በ2014 የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ በ2019 የባንግሳሞሮ ራስ ገዝ ክልል ተመሠረተ፤ አልሐምዱሊላህ።

ግን ታሪኩን እዚህ ብናቆም ራሳችንን እንሸነግላለን። በሙስሊሙም ውስጥ የሕዝቡን የጋራ መሬት በስማቸው ያስመዘገቡ አለቆች ነበሩ። በኅዳር 2009 በማጊንዳናው 58 ሰዎች፣ ከእነሱም 32ቱ ጋዜጠኞች፣ በአንድ ቀን ተረሽነዋል። በ2019 ፍርድ ቤቱ ዋና ተጠያቂ ያላቸው የአካባቢው ኃያል የሙስሊም ፖለቲከኛ ቤተሰብ አባላት ነበሩ። «ወገናችን ነው» ብለን ይህን ብንዘለው የካፒታን ቲያጎ ወንበር ላይ ተቀመጥን ማለት ነው።

አማዶ ሄርናንዴስ የተባለ ደራሲ፣ የሠራተኞች መሪ ሆኖ ለዓመታት የታሰረ፣ በ1969 ባወጣው ልብወለድ አባ ፍሎሬንቲኖ ባሕር ውስጥ የጣሉትን ሀብት ያስወጣዋል። ስፔን ሄዳለች፣ አሜሪካ ሄዳለች፣ ጃፓን ሄዳለች፤ ገበሬው ግን አሁንም ጭሰኛ ነው። ባንዲራው ተቀየረ እንጂ መዝገቡ አልተቀየረም። የአንድ አገር ደራሲዎች ትውልድ እየተቀባበሉ ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቃቸው ያስቀናል።

ሲሳ በማን ቤት ናት?

ሲሳን በልባችን እንያዛት ብለን ነበር።

እህቶቻችን በዐረብ አገር ሲበደሉ ስንሰማ ደማችን ይፈላል፤ መፍላትም አለበት። ታዲያ በየከተማችን፣ በየሰፈራችን፣ በእኛው ቤቶች ውስጥ ከገጠር የመጡ ሠራተኞች አሉ። ብዙዎቹ ገና ልጆች ናቸው። ወርቅ ወይም ብር ሲጠፋ መጀመሪያ የማን ሻንጣ ነው የሚፈተሸው? ኋላ ዕቃው ከሶፋ ሥር ሲገኝ ይቅርታ የሚጠይቃት ማን ነው? በረመዷን ሱሑር የምታሞቅልን፣ ኢፍጧር የምታቀርብልን እሷ ናት፤ ከእኛ ጋር ተቀምጣ በተምር ታፈጥራለች ወይስ ሳምቡሳ ስትጠብስ አዛኑ ያልፋታል? ደመወዟ በወሩ ይሰጣታል ወይስ «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ይባላል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ማሳሰባቸውን ሁላችንም በመድረክ ሰምተናል። ከምንበላው እንድናበላ፣ ከምንለብሰው እንድናለብስም አስተምረውናል።

ለዛሊም ወንድማችን የምንውልለት ውለታ እጁን መያዝ እንደሆነም ተምረናል። ይህ ከባዱ ክፍል ነው። ሩቅ ያለን ዛሊም መርገም ጣት ብቻ ይበቃዋል፤ ስልክ ከፍቶ መጻፍ ነው። የገዛ አጎትን «አባባ፣ የልጅቷን ደመወዝ ይስጧት» ማለት ግን ልብ ይጠይቃል። በመስጂድ ኮሚቴ፣ በሰፈር ማኅበር፣ በንግድ ሱቅ ሥልጣን ቢጤ ሲደርሰን ድምፃችን እንደሚለወጥ የምናውቀው እኛው ነን። ዶኛ ኮንሶላሲዮንም አለንጋ ይዛ አልተወለደችም።

ይህን ስንል ሕመማችንን እንርሳ ማለታችን አይደለም። የተበደለ ሐቁን ይጠይቃል፣ ይናገራል፣ ይጽፋል። ሪዛል ያደረገው ይህንኑ ነው። የምንለው ተበዳይነት የፍትሕ ምስክር ወረቀት አይደለም ነው። በደልን መቅመስ ሁለት ዓይነት ሰው ያወጣል፤ እንደ ኤሊያስ «በእኔ ይብቃ» የሚል፣ እንደ ዶኛ ኮንሶላሲዮን «ተራዬ ደረሰ» የሚል። የትኛው እንደምንሆን የሚታየው ከላያችን ባለው ሰው ፊት ሳይሆን ከእጃችን ሥር ባለው ሰው ላይ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ የእነዚህን መጻሕፍት የእንግሊዝኛ ትርጉም ማግኘት ከባድ አይደለም። በሰፈር የንባብ ቡድን ያላችሁ «ኖሊ»ን ለአንድ ወር ያዙት፤ ምዕራፍ በምዕራፍ ተከፋፍላችሁ ተወያዩበት። ስታነቡ ግን ስፔናውያኑን ብቻ አትፈልጉ። ቀባሪዎቹን፣ ካፒታን ቲያጎን፣ ታኖን ፈልጉ። እነሱ ለእኛ ቅርብ ናቸው።

ከዛሬ ማታ መጀመር የሚቻል ሥራም አለ፤ ማድቤት ገብቶ «ሐቅሽ ስንት ወር ቀረ?» ብሎ መጠየቅ።

አላህ ከመበደልም ከመበደልም በላይ ከመበደያ ሰበብነት ይጠብቀን። የተበዳዮችን እንባ የምናብስ እንጂ የምናፈስ አያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።